ጎባን አሳልፌ የሰጠሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ በር ላይ ከምትሸጥ ልጅ የገብስ ቆሎ ገዛሁ። በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ነው የሰጠችኝ፤ ቆሎውን ቆርጥሜ ጨርሼ ወረቀቱን ልጥለው ስዘረጋው፣ የትኩስ ገብስና የጋዜጣ ቀለም ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን መታኝና ከመሃሉ ያ ጥቁርና ነጭ ሳጥን፣ አግድምና ቁልቁሉ፣ አፍጥጦ አየኝ። አንዱ ሰነፍ በእስክሪብቶ ጀምሮት፣ ተሳስቶበት፣ መንገድ ላይ ትቶታል። ደሜ ፈላ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ መልኬ ሲለዋወጥ አይታ "ምነው እናቴ፣ ባሰብዎት እንዴ?" አለችኝ። "አይ፣ አንድ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። "ውይ! የሞተብዎት ልጅ ነው?" ብላ ደረቷን ያዘች። "ኧረ ይኑርልኝ!" አልኳት፤ "ይኑርና ያስታውስ።" ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

የልጁን ስም አልጠራም። ጠፍቶኝ እንዳይመስላችሁ፤ ከነአባቱ ከነአያቱ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ስሙ በእኔ እጅ ተጽፎ፣ ሰው አንብቦት፣ "ለካ እንዲህ ያለ ጎበዝ ልጅ ነበር" እንዲባልለት አልፈልግም፤ የጸሐፊው ልጅ ይበቃዋል። አባቱንም አንቱ አልለውም። እኔ ጎረቤቱን ሁሉ አንቱ ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ ሰውዬ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ እምቢ ይላል። የንስሐ አባቴ ይቅር በዪ ይሉኛል፤ እሺ እላለሁ፣ ጧፍ አበራለሁ፣ የበደለኝን ሁሉ አንድ በአንድ ይቅር ስል እቆይና እሱ ተራ ላይ ስደርስ ጧፉ ያልቅብኛል። ምን ላድርግ እንግዲህ? እኔ አርጅቻለሁ፣ ጉልበቴም ዳገት አይወድም፤ ቂሜ ግን ገና አልሸበተም።

ያኔ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። እንደራሴው ጎባ፣ ጦሩ ጎባ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጎባ። ሮቤን ከገበያ ቀን ውጭ ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከተራራው ወርዶ ሰፈራችንን ስለሚውጠው፣ ትምህርት ቤት የምንሄደው ከፊታችን የሚሄደውን ልጅ ሳል እየተከተልን ነበር፤ ልጁ ሳል የለው እንደሆነ ጭቃ ውስጥ ገብተን እንቀራለን። ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገለጥ መጀመሪያ ብቅ የሚለው የፍርድ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ቀጥሎም በጥዱ አጥር ዙሪያ የታሰሩት ፈረሶች፣ ላባቸው እንደ ድስት እየተነነ፣ ቀጥሎም ጌቶቻቸው፣ ከየተራራው ሥር ለሙግት የመጡት ባላገሮች፣ ቡልኳቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በፀሐይዋ ትይዩ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እርጥብ ቡልኮ፣ የፈረስ ላብና የጥድ ጭስ ተቀላቅሎ የሚሸተውን ሽታ ያላሸተተ ሰው ጎባን አውቃታለሁ ባይል ደስ ይለኛል።

አባቴ የዚያ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበሩ። ዳኛው ኦሮምኛ አይሰሙም፣ ባላገሩ አማርኛ አይሰማም፤ አባቴ በመካከላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው የዚህን ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ ሲያቀብሉ ይውላሉ። ማታ ራት ሲቀርብ ግን ያ ሁሉ ችሎት ከእሳቸው ጋር ቤታችን ይገባ ነበር። አንዴ ዳኛውን ይሆናሉ፣ አገጫቸውን አንገታቸው ውስጥ ቀብረው፤ አንዴ ላም ጠፋችብኝ የምትል አሮጊት ይሆናሉ፤ አንዴ ደግሞ ያየውንም ያላየውንም የሚመሰክር የሐሰት ምስክር ይሆኑና እናቴ በሳቅ ትን ይላትና ጀርባዋን እንመታታለን። ሁለቱም ቋንቋ በአንድ ትሪ ይበላ ነበር። እኔ ጨዋታ የሚባል ነገር ያወቅሁት፣ ቃል የሚባል ነገር ያወቅሁት እዚያች ትሪ ዙሪያ ነው።

የጸሐፊው ልጅ አባቱ የፍርድ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ከአዲስ አበባ ሲዛወር መጣ። ጫማው በጭቃችን ውስጥ እንኳን ያበራ ነበር፤ እንዴት እንደሚያደርገው እግዜር ይወቅ። ከጫማው ይልቅ ያስቀናን ግን ከአባቱ ቢሮ እያመጣ የሚዘረጋው አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ በጋዜጣው ገጽ ላይ ያ ሳጥን አለ። ፍንጩን አንብበህ፣ ቃሉን ገምተህ፣ በየቤቱ አንድ አንድ ፊደል እየጨመርክ አግድምና ቁልቁል ትሞላዋለህ። እሱ የአዲስ አበባ ልጆች ለብቻቸው ተቀምጠው ዝም ብለው የሚሞሉት ነገር ነው አለን። እኛ ሳቅን። ዝም ተብሎ የሚሠራ እንቆቅልሽ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? እኛ እንቆቅልሽ የምናውቀው በሕጉ ነው፤ አማራውም ኦሮሞውም ቤት ሕጉ አንድ ነው። ጠያቂው "እንቆቅልሽ" ይላል፣ ተጠያቂው "ምን አውቅልህ" ይላል፤ መልሱ ከጠፋው "አገር ስጠኝ" ይባልና አገር ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ካልተደሰተ እምቢ እያለ የተሻለ ያስመጣል፤ ሲደሰት ያን አገር ገብቶበት፣ ነግሦበት፣ የተሸነፈውን ሰው እንዳሻው ይሰድበዋል። የተሰደበ ሰው መቆጣት አይችልም፤ አገሩን ሰጥቷላ! እንግዲህ ይህን ሕግ ወስደን የጋዜጣው ሳጥን ላይ ጫንነው። የጸሐፊው ልጅ መጀመሪያ "እናንተ ባላገሮች" ብሎ ተሳለቀብን፤ ሕጉ ለእሱ እንደሚጠቅም ሲገባው ግን ከእኛ የባሰ ሕግ አክባሪ ሆነ።

የበልግ ዝናብ ነበር። የትምህርት ቤቱ ክዳን ሥር ተኮልኩለን፣ ከላይ ቆርቆሮው እየተንጫጫ፣ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ወደ እኔ ዞረና "እንቆቅልሽ" አለኝ። "ምን አውቅልህ" አልኩ። "አፍ የለውም፣ ያሉትን ሁሉ ግን ይመልሳል። ሦስት ቤት።" ጎባ ውስጥ ስልክ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አባቴን ፍለጋ ቢሮ ሄጄ፣ አንድ ሰውዬ ብቻውን ሲጮህበት። ደስ አለኝ። ስ፣ ል፣ ክ፤ ሦስት ቤት! "ስልክ!" ብዬ ጮህኩ። ልጁ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀና "ማሚቶ" አለ፤ "ማ፣ ሚ፣ ቶ። አገር ስጪኝ።"

ዲንሾን ሰጠሁት። "ብርድ ብቻ ነው፣ አልፈልግም" አለ። ሶፍ ዑመርን ሰጠሁት። "ዋሻ ምን ይሠራልኛል?" ሮቤን ሰጠሁት። "ገበያ ሲፈታ ማን ይቀራታል?" ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፣ ጆሮዬ ጋለ፣ የማውቃቸው አገሮች ሁሉ ከአእምሮዬ ወጥተው ሄዱ። ጎንደር ማለት እችል ነበር፣ ሐረር ማለት እችል ነበር፣ ሰው የማያውቀውን ሩቅ አገር አውጥቼ መገላገል እችል ነበር። እኔ ግን እንዲበቃኝ ብዬ "ጎባን! ጎባን ሰጠሁህ!" አልኩ። ሳቁ ቀጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ሰው የቆመባትን አገር አይሰጥም፤ ይህን ማንም አያስተምርም፣ ማንም ግን አይስተውም። እኔ ሳትኩት።

"ጎባ ገብቼ ምን አጥቼ!" ብሎ ተነሣ፤ ሕጉን ጠንቅቆ ተምሮታል። ወተቱን ለራሱ አድርጎ አሬራውን ለእኔ፣ ማሩን ለራሱ አድርጎ ሰፈፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ ይህ የተለመደ ነው፣ ቻልኩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጨመራትን ግን አልቻልኳትም። "የማሚቶ ልጅ ሆና ማሚቶን አታውቅም! አባትሽ እኮ የገደል ማሚቶ ነው። የሰው ቃል ይመልሳል እንጂ የራሱ አፍ የለውም። አባዬ ነው ያለው።" አባዬ ነው ያለው! እቤቱ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ የእኔን አባት ነው የሚበሉት ማለት ነው። ያ ጸሐፊ ለፋሲካ ቤታችን መጥቶ፣ የእናቴን ዶሮ በልቶ፣ አባቴን "ወንድሜ" እያለ ትከሻቸውን ሲመታ በዓይኔ ያየሁት ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ጎባን የሰጠች" ሆነ። ቶጎና ወንዝ ወርጄ ውሃ ልቀዳ ስል "የጸሐፊውን ልጅ አስፈቅደሻል?" ይሉኛል። አንዲት ልጅ እቤታችን በር ላይ ቆማ "ይህ ቤት የማን ነው አሁን?" ብላ በቁም ነገር ጠየቀችኝ። ወሬው ባላገር ድረስ ወረደ። ኦቦ ሁሴን የሚባሉ፣ ተራራው ሥር ያለ የግጦሽ መሬታቸው ተወስዶባቸው ለዓመታት ሲሟገቱ ቀጠሮ ባላቸው ቁጥር ቤታችን የሚያርፉ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ እሳቸው እንኳ ሲገቡ ሰላምታውን ሳይጨርሱ "አንቺ ልጅ፣ ጎባን ሰጠሽ አሉ?" አሉኝ። አቀረቀርኩ። "ምነው እኛን ሳትጠይቂ?" ብለው ሳቁ፤ ሳቁና ደግሞ ወደ እሳቱ ዞር ብለው "እሷስ በጨዋታ ነው የሰጠችው" አሉ ለራሳቸው፣ በኦሮምኛ። አባቴ ይህንን ለማንም አልተረጎሙትም።

ጎባን የሰጠሁ ዕለት ማታ ለአባቴ ፍንጩን ብቻ ነግሬያቸው ነበር። "አፍ የለውም፣ ያሉትን ሁሉ ግን ይመልሳል" ስላቸው እንጀራውን ገና ሳይጎርሱ "ማሚቶ ነዋ!" ብለው ሳቁ፤ እንዴት ያለ ሳቅ መሰላችሁ፣ የልጅ ሳቅ። ያን ሳቅ ሳየው ስድቡን ዋጥኩት። "ስልክ ነው ብዬ እኮ ነው" አልኳቸው። "ስልክ ያልሽውን ሌላ ዘንድ ያደርሳል፤ ላንቺ ለባለቤቷ የሚመልስልሽ ገደል ነው። አንዷን ቃል ዘለልሻት ልጄ። ፍንጭ ውስጥ ሥራ ፈት ቃል የለም፤ አንዷን እንኳ ቁጭ አድርጎ የሄደ መልስ፣ ቤቱ ቢገጥምም መልሱ አይደለም። ችሎትም እንዲሁ ነው። ሰው አንዲት ቃሉን ትቼበት መሬቱን ሲያጣ ይታይሽ።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው የራሳቸው ነበር፤ የማንንም ድምፅ አልተዋሱም።

ከዚህ በኋላ እኔ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ሱቅ ተልኬ ስኳር የተጠቀለለበትን፣ ጨው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ እየዘረጋሁ ሳጥን እፈልጋለሁ፤ ግማሹ ተቀዷል፣ ግማሹ ዘይት ጠጥቷል፣ እኔ ግን እያንዳንዱን ቃል "አንተስ ምን ልትሠራ መጣህ?" እያልኩ እመረምረዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ የጸሐፊው ልጅ የሚጠይቀኝን ሁሉ መመለስ ጀመርኩ። ምን ዋጋ አለው! መልስ ያወቀ ሰው ሌላ አገር አያጣም እንጂ የተወሰደበትን አያስመልስም፤ ጎባን ለማስመለስ የሚያቅተውን ነገር መጠየቅ ነበረብኝ። ብጠይቀው ብጠይቀው ይመልሳል። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ይኸው አልኩላችሁ፣ ሁለተኛ ግን አልለውም። እንዲህ ሆኖ ዓመቱ ሊሞላ ሲል ወሬ መጣ፦ ጸሐፊው ሹመት አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ልጁ ጎባን ይዞብኝ ሊሄድ ነው! የአባቴም ስም በዚያ ስድብ ታትሞ እዚህ ሊቀር ነው።

ያን ሰሞን የኦቦ ሁሴን ጉዳይ ድንበሩ በዓይን ይታይ ተብሎ፣ ዳኛው የላኳቸው ሰዎች በበቅሎ ወደ ሳነቴ ተራራ በኩል ሲወጡ አባቴ አብረው ታዘዙ፤ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር እያለቀስኩ እግራቸው ሥር ወድቄ ከኋላቸው ተፈናጠጥኩ። ከጥዱ በላይ፣ ከአስታውም በላይ፣ ዛፍ የሚባል ነገር ሲያልቅ፣ በባዶው ሜዳ ላይ ጅባራዎቹ ቆመዋል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ባላገሮች ቡልኮ ተከናንበው የቆሙ ይመስላሉ። አንዷ ከሰው በላይ የሚረዝም አበባ አውጥታለች፤ ከጎኗ ሌላዋ ጠቁራ፣ ደርቃ፣ ቆማ ቀርታለች። ኦቦ ሁሴን በበቅሏቸው ላይ ሆነው በጅራፋቸው አሳዩኝ። "ይህቺን ልጅ ሆኜ ከብት ሳግድ አውቃታለሁ። አላበበችም ነበር። ሚስቴ ስታገባኝም አላበበችም ነበር። ዘንድሮ አበበች። እንግዲህ ማበቧ ነው፣ ትሞታለች። አንድ ጊዜ ነው የሚያብቡት።" አባቴ "እውነት?" አሉ። "ያቺ የደረቀችውን ጠይቃት" አሏቸው ኦቦ ሁሴን። ሌላው ሁሉ ስለ ድንበሩ ሲጨቃጨቅ እኔ በልቤ ፊደል እየቆጠርኩ ነበር።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የትምህርት ቤቱን ግድግዳ በጠመኔ አሰመርኩበት። ሳጥኑ የራሴ ነው፣ ፍንጩም የራሴ። አግድሙን ሆን ብዬ አቀለልኩለት፤ እሱም እየተንጎራደደ "ተራራ" ብሎ ሞላውና ለቁልቁሉ የመጨረሻ ቤት "ራ" ወደቀችለት። "ለምን ታደክሚኛለሽ?" አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ከበውናል። "እንቆቅልህ" አልኩት። "ምን አውቅልሽ።" ቀስ ብዬ፣ አንዲት ቃል እንዳትወድቅብኝ እየተጠነቀቅሁ አልኩት፦ "ዕድሜዋን ሙሉ ለአንድ ሰርግ ትሰናዳለች፤ ሰርጓን ያየ ቀብሯን ያያል። ሦስት ቤት።"

ሳቀ። ጠመኔውን ከእጄ ነጠቀና፣ ከተጻፈችው "ራ" በላይ፣ "ሙ" ብሎ "ሽ" ጨመረበት። ሙሽራ። ቤቱ ልክ ገጠመ። ልጆቹ አጉረመረሙ፤ እኔ ግን በደስታ ልዘል ደረስኩ፣ ምክንያቱም ሰርጓን ወስዶ ቀብሯን ቁጭ አድርጓት ሄዷል። "በናንተ ሰፈር ሙሽራ በሰርጓ ማግስት ትቀበራለች?" አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ ፊቱ እንደ ጠመኔው ነጣ። "ታዲያ ምንድን ነው?" አለ። እኔ ሳልመልስ ከኋላ የቆሙት ልጆች፣ አባቶቻቸው ተራራ የሚወጡት፣ በአንድ ላይ "ጅባራ! ጅባራ!" ብለው ጮኹ። "ጅባራ ምንድን ነው?" አለ። ዓመት ሙሉ ጎባን ገዝቶ ጅባራን አያውቅም! እሰይ! ዛሬም እሰይ!

"አገር ስጠኝ" አልኩት። ሐረርን ሰጠኝ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ጎንደርን ሰጠኝ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ያን ጊዜ ገባው። "አዲስ አበባን እንኪ" አለኝ፤ ለእሱ ከዚያ በላይ አገር የለማ። ልጆቹ ተንጫጩ፣ "ተቀበዪው! ተቀበዪው!" "አልፈልግም" አልኩ። "ጎባን።" "ጎባ የእኔ ናት!" "ያንተ ናትና ነው የምጠይቅህ።" በመጨረሻ እግሩን እያየ፣ ያን የሚያበራ ጫማውን እያየ፣ "ውሰጂያት" አለ። እኔ ደግሞ ያን ስድብ ዓመት ሙሉ ሳበስለው ነው የኖርኩት። "ጎባ ገብቼ ምን አጥቼ! ገብሱ ለእኔ ገለባው ላንተ፣ ፈረሱ ለእኔ ፋንድያው ላንተ፣ ፀሐይዋ ለእኔ ጉሙ ላንተ!" አልኩና ጠጋ ብዬ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "አባቴ ማሚቶ ከሆኑ አባትህ የማሚቶ ጸሐፊ ነው! እሳቸው የሚሉትን ይጽፋል እንጂ ምን ያውቃል?" አልኩት። ልጆቹ ፈነዱ። የጸሐፊው ልጅ አለቀሰ። ሕጉ መቆጣት አይፈቅድም፤ ማልቀስ ግን ይፈቅዳል፣ እሱን አልከለከልኩትም።

ልጆቹ ጭቃውን እየረገጡ "የማሚቶ ጸሐፊ! የማሚቶ ጸሐፊ!" እያሉ እቤቴ ድረስ ሸኙኝ። አባቴ በር ላይ ቆመው "ይህ ምን ዘፈን ነው?" አሉ። ይኸው የምጠብቀው ሰዓት! ተንጠራርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጅባራውን፣ ሙሽራውን፣ አዲስ አበባን እንዴት እንደመለስኩ፣ የጸሐፊው ልጅ እንዴት እንዳለቀሰ። ፈገግ ብለው ያዳምጡኝ ነበር። "ማሚቶው ግን ከየት መጣ?" አሉኝ። ድሉን ለመንገር ስድቡን መንገር ነበረብኝ፤ ነገርኳቸው፣ ቃል ሳልተው፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ። "የራሱ አፍ የለውም" እስከሚለው ድረስ። "ማን አለው?" አሉኝ። "ልጁ፤ አባዬ ነው ያለው ብሎ።" ፈገግታው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ እሳቸው ግን ከውስጡ ወጥተው ሄደዋል። ራሴን ዳበስ አደረጉኝና "ጎበዝ" ብለው ገቡ።

በማግስቱ ለጸሐፊው በፍርድ ቤቱ ግቢ ዳስ ተጥሎ የስንብት ምሳ ተደረገ፤ ቤተሰብ ሁሉ ተጠርቷል። ዳኛው አመሰገኑት፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው አመሰገነው፣ ከዚያም የባላገር ሽማግሎች ተነሥተው በኦሮምኛ መረቁት፤ ሽማግሌ መቼም የሚሄድን ሰው ይመርቃል። አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ምርቃቱን አንዲት ቃል ሳያጎድሉ በአማርኛ አደረሱት፤ እንዲያውም በኦሮምኛው ከነበረው አሳምረው ይመስለኛል። ዳሱ አጨበጨበ። ዳኛው "እስኪ ደግሞ አንተ ከራስህ በል፤ ይህን ያህል ጊዜ አብራችሁ ሠራችሁ" አሏቸው። ጸሐፊው ጢሙን እያስተካከለ፣ ሊመሰገን ተዘጋጅቶ፣ ቀና አለ። አባቴ ትክ ብለው አዩት። "እኔ ከራሴ የምለው የለኝም" አሉና ተቀመጡ።

ጸሐፊው ትሕትና መስሎት ሳቅ ማለት ጀመረና የሚከተለው ሲያጣ ሳቁን አፉ ውስጥ መለሰው። ልጁ ግን ገብቶታል። ጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምንና አንገቱን ደፋ። ከዚያ የበለጠ ስድብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም፣ እናቴ ጉልበቴን ቆንጥጣ ነው የያዘችኝ። በበነጋታው ጭነት መኪናቸው ቁልቁል ወደ ሮቤ ሲወርድ መንገድ ዳር ቆሜ ሸኘኋቸው። ጎባ የእኔ ነበረች።

እንግዲህ ድሌ ይህ ነው፤ ኪሳራዬን ደግሞ ልንገራችሁ። እነሱ የሄዱ ዕለት ማታ ራት ቀረበ፣ እኛ ልጆች ትሪውን ከበን ጠበቅን፤ አባቴ በሉ። "አባባ፣ ዛሬ ችሎት ምን ተባለ?" አልኳቸው። "ምን ይባላል፤ ያው ነው" አሉኝ። በማግስቱም ያው ነው። እስኪያልፍ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለፈም። ዳኛው ከዚያ ወዲያ አገጫቸውን ቀብረው ቤታችን አልመጡም፣ አሮጊቷም አልመጣችም፣ የሐሰት ምስክሩም ቀረ። ቀን ቀን ሥራቸውን አላጓደሉም፤ ሲመሽ ግን የሰው ድምፅ አልዋስም አሉ። ያ ጸሐፊ አባቴን ማሚቶ ያለው ስለ ችሎቱ ነው፤ የወሰደብን ግን ራታችንን ነው። እናቴም ትን እስኪላት መሳቅ ተወች።

ጎባ ዛሬ ዋና ከተማነቷ ቀርቷል፤ ቢሮው ሁሉ ሮቤ ነው፣ እኔም ለሐኪም ሮቤ እወርዳለሁ። ለዚህ አልከፋኝም፤ አገር ይሰጣል፣ አገር ይመለሳል፣ ደግሞም ይሰጣል። የፍርድ ቤቱ ፈረሶች የሉም፣ የጥዱ አጥር ተቆርጧል፤ ለዚህም አልቂምም። አባቴ በስተርጅና እኔ ቤት ሆነው አንድ ማታ፣ ራት አቅርቤ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ "አባባ፣ እስኪ እንደ ድሮው ችሎቱን ያምጡልኝ" አልኳቸው። ብዙ ዓመት አፌ ላይ የነበረ ልመና ነው። ትክ ብለው አዩኝ፤ ወገባቸውን ቀና አደረጉ፣ አገጫቸው ወደ አንገታቸው ሲወርድ አየሁ፣ ከንፈራቸው ተከፈተ፣ እኔም እንጀራውን እንደያዝኩ ጠበቅሁ። ከዚያ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ በራሳቸው ድምፅ፣ "ብዪ ልጄ፣ ወጡ ቀዘቀዘ" አሉኝ።